ሽያጩ የት ተፈጸመ? የቴክሳስ ከተሞች የሁለት በመቶ ሙግት

ዳላስ አጠገብ ባለችው ጋርላንድ የሚኖር ሰው በኢንተርኔት የ1,000 ዶላር ኮምፒውተር አዘዘ እንበል። ሻጩ ራውንድ ሮክ ውስጥ የተቋቋመ የቴክሳስ ኩባንያ ነው። ደረሰኙ ላይ 82 ዶላር ከ50 ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ተጨምሯል። ከዚህ ውስጥ 62 ዶላር ከ50 ሳንቲሙ የግዛቱ መንግሥት ድርሻ ስለሆነ ማንም አይከራከርበትም። ክርክሩ ያለው በቀሪው 20 ዶላር ላይ ነው። ሽያጩ የተፈጸመው ገዢው ባለበት ነው ከተባለ 10 ዶላሩ ለጋርላንድ ማዘጋጃ ቤት፣ ሌላው 10 ዶላር ደግሞ ዳርት ለሚባለው የአካባቢው የአውቶቡስና የባቡር ድርጅት ይገባል። ሻጩ ባለበት ነው ከተባለ ግን 20 ዶላሩ በሙሉ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ለምትገኘው ራውንድ ሮክ ይሄዳል።

ገዢው ይህን አያውቅም፤ እንዲያውቅ የሚያደርገው ነገርም የለም። በሁለቱም ከተሞች የታክሱ ልክ 8.25 በመቶ ስለሆነ ከኪሱ የሚወጣው ገንዘብ አይለወጥም። ጉዳዩ ለዓመታት የሒሳብ ሠራተኞችና የከተማ ጠበቆች ጭቅጭቅ ብቻ ሆኖ የቆየውም በዚህ የተነሳ ይመስለኛል። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሣጥን ላይ ያለችው ሁለት በመቶ በመላው ግዛት ስትደመር የፖሊስ ደመወዝ ናት፣ የመንገድ ጥገና ናት፣ የአውቶቡስ ነዳጅ ናት።

ቴክሳስ ከሰው ደመወዝ ላይ የግዛት ገቢ ግብር አትሰበስብም። ስለዚህ የሽያጭ ታክስ ለመንግሥቷ ዋነኛ ምሰሶ ነው። ታክሱ በ1961 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) በ2 በመቶ ተጀምሮ፣ ደረጃ በደረጃ ከፍ እያለ በ1990 የዛሬውን 6.25 በመቶ ያዘ። ከተሞች የራሳቸውን ድርሻ እንዲጨምሩ የተፈቀደላቸው በ1967 ነው። ከተማ፣ ካውንቲ፣ የትራንስፖርት ድርጅትና ልዩ ወረዳ አንድ ቦታ ላይ ቢደራረቡም የሁሉም ድርሻ ተደምሮ ከ2 በመቶ ማለፍ አይችልም። በ2019 የወጣ ሕግ ደግሞ ከተሞች ከነባር ንብረት የሚሰበስቡትን የንብረት ግብር ያለ ሕዝብ ድምፅ በዓመት ከ3.5 በመቶ በላይ እንዳያሳድጉ ገደበ። በአንድ በኩል በሩ ሲጠብ፣ ሌላኛው በር ላይ ግፊያው መበርታቱ አይቀርም።

በኢትዮጵያ የተጨማሪ እሴት ታክስ ለለመደ አንባቢ ይህ ሁሉ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በአገራችን የሽያጭ ታክስ በ2003 በተጨማሪ እሴት ታክስ ሲተካ በመላ አገሪቱ አንድ ዓይነት 15 በመቶ ተደነገገ። ዕቃው አዳማ ተሸጠም ሐዋሳ፣ ልኩ አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ ግን የፌዴራል የሽያጭ ታክስ የለም። 45 ግዛቶችና ዋሽንግተን ዲሲ የየራሳቸው አላቸው። ከነርሱ በታች ያሉት ከተሞችና ወረዳዎች ሲቆጠሩ ታክስ የሚጥሉ አካላት ከ10,000 ይበልጣሉ። እንዲህ ባለ አገር አንድ ሽያጭ የትኛው ወሰን ውስጥ እንደተፈጸመ መወሰን ማለት ገንዘቡ የማን እንደሆነ መወሰን ነው።

የቴክሳስ ሕግ የተጻፈው ሰው ሱቅ ገብቶ በሚገዛበት ዘመን ስለነበር መልሱ ቀላል ነበር። ሽያጩ የተፈጸመው በሻጩ የንግድ ቦታ ነው አለ። የንግድ ቦታ ምንድን ነው ሲባልም፣ ትእዛዝ ለመቀበል የተቋቋመ ሱቅ ወይም ቢሮ ነው፤ በዓመት ሦስት ትእዛዝ የተቀበለ ስፍራም እንደ ንግድ ቦታ ይቆጠራል አለ። ሦስት ብቻ! ቁጥሩ ዝቅ የተደረገው ምናልባት ትንሹም ነጋዴ እንዳይቀር ታስቦ ይሆናል። ያም ሆነ ይህ፣ ስልክና ኢንተርኔት ሲመጡ ግዛቱን በሙሉ የሚሸፍን ኩባንያ ትእዛዙን ሁሉ በአንድ ስፍራ ተቀበልኩ ማለት ቻለ። ያቺ ስፍራ ያለችባት ከተማም የሁሉንም ሁለት በመቶ ትሰበስባለች።

ዴል በ1994 ዋና መሥሪያ ቤቱን ከኦስቲን ወደ ጎረቤቷ ራውንድ ሮክ ሲያዛውር ከጀርባው እንዲህ ያለ ስሌት ነበር። ኩባንያው ኮምፒውተር የሚሸጠው በቀጥታ ለተጠቃሚው፣ በስልክ፣ በኋላም በኢንተርኔት ነበር። ከተማዋ ኩባንያው ከሚያስገኝላት የሽያጭ ታክስ የተወሰነውን መልሳ ልትሰጠው ተስማማች፤ የቀረው ለራሷ ሆነ። ይህን የሚፈቅደው የቴክሳስ የአካባቢ መስተዳድር ሕግ ምዕራፍ 380 ነው። ከተማ ለልማት ማበረታቻ ገንዘብ መስጠት ወይም ማበደር ትችላለች ይላል፤ ውሉ ስንት ዓመት ይቆይ፣ መጠኑ ምን ያህል ይሁን የሚለውን ግን በአብዛኛው ለተዋዋዮቹ ይተወዋል።

ለራውንድ ሮክ ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። እዚያ የተገነባው እውነተኛ መሥሪያ ቤት ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሠርተውበታል፤ ከተማዋም ከእርሱ ጋር አድጋለች። ችግሩ ያለው መንገዱን ተከትለው በመጡት ላይ ነው። አንድ ኩባንያ በመላው ቴክሳስ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዕቃ ይሸጣል ብለን እናስላ። የአካባቢ ድርሻው 2 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። አንዲት ከተማ ትእዛዝህን በእኔ ወሰን ውስጥ ተቀበል፣ ግማሹን እመልስልሃለሁ ብትለው ኩባንያው 1 ሚሊዮን ዶላር አገኘ። ከተማዋም ምንም ያልነበራት 1 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበች። ሁለቱም አተረፉ። ገንዘቡ የወጣው ግን ከሂዩስተን፣ ከሳን አንቶኒዮ፣ ከኤል ፓሶና ከጋርላንድ ገዢዎች ኪስ ሲሆን ከተሞቻቸው አንድም ሳንቲም አላዩም። ዜጋው ለሕዝብ አገልግሎት ነው ብሎ የከፈለው ታክስ ግማሹ የነጋዴ ትርፍ ሆነ ማለት ነው። እኔን ከሁሉ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ኩባንያ በታክስ ቅናሽ ቢደገፍ አንድ ነገር ነው፤ የሌላ ከተማ ሰው በከፈለው ታክስ ሲደገፍ ግን ነገሩ ሌላ ይሆናል። የግዛቱ ሕግም ታክስ ለማሸሽ ወይም ተመላሽ ለማግኘት ብቻ የተከፈተ ቢሮ እንደ ንግድ ቦታ አይቆጠርም የሚል አንቀጽ ቢኖረውም፣ "ብቻ" የምትለዋን ቃል ማምለጥ ለብልህ ጠበቃ አስቸጋሪ አይደለም።

እንዲህ ያለው ብልሃት እስከ የት እንደሚሄድ ለማየት ወደ ኢሊኖይ መሻገር ይበቃል። ሃርትኒ የሚባል የነዳጅ ሻጭ ዋና መሥሪያ ቤቱ ቺካጎ ባለችበት በኩክ ካውንቲ ውስጥ ነበር። የኩክ ካውንቲ ታክስ ግን ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ኩባንያው ፑትናም ካውንቲ ውስጥ ማርክ በምትባል የጥቂት መቶ ሰዎች መንደር ስልክ የሚያነሳና ትእዛዝ የሚቀበል ሰው አዘጋጀ። ነዳጁ በማርክ አያልፍም፣ ገዢዎቹም ማርክን አያውቋትም፤ በወረቀት ግን ሽያጩ ሁሉ የማርክ ሽያጭ ሆነ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ የማርክ ሰዎች ኩበቱን በእርግጥ ማግኘታቸው ነው። ጉዳዩ እስከ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2013 ውሳኔ አገኘ። ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ የተቀበሉበት ቦታ ብቻውን ይወስናል የሚለው መመሪያ ከሕጉ ጋር እንደማይሄድ ተናገረ፤ ነገር ግን ኩባንያው የግዛቱን መመሪያ አምኖ የሠራ ስለሆነ አልቀጣውም። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎም የቺካጎ አካባቢ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ካንካኪና ቻናሆን የተባሉ ከተሞችን በተመሳሳይ ነገር ከስሶ ነበር።

ወደ ቴክሳስ እንመለስ። ነገሩን ያጋለው በ2018 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሳውዝ ዳኮታና በዌይፌር ኩባንያ ክርክር የሰጠው ውሳኔ ነው። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ በግዛቱ ውስጥ ሱቅም መጋዘንም የሌለው ሻጭ ጭምር ታክስ እንዲሰበስብ ሊገደድ ይችላል አለ። ቴክሳስም ከጥቅምት 2019 ጀምሮ በዓመት ከ500,000 ዶላር በላይ የሚሸጡላትን የውጭ ነጋዴዎች ማስከፈል ጀመረች። እነርሱ የሚያሰሉት በገዢው አድራሻ ነው፤ ወይም ከፈለጉ ለመላው ግዛት በተወሰነ አንድ የ1.75 በመቶ የአካባቢ ልክ ይከፍሉና ገንዘቡ ለከተሞች ይከፋፈላል።

እዚህ ላይ አንድ የማይጥም ነገር ተፈጠረ። የጋርላንዱ ገዢ ያንኑ ኮምፒውተር ኦሪገን ካለ ሻጭ ቢያዝ፣ ጋርላንድና ዳርት ድርሻቸውን ያገኛሉ። ከቴክሳስ ሻጭ ቢያዝ ግን ምንም ላያገኙ ይችላሉ። የራሱን ግዛት ነጋዴ የደገፈ ሰው የራሱን ከተማ ጎዳ ማለት ነው። ይህን ማንም አስቦበት የጻፈው ሕግ አይደለም፤ አሮጌና አዲስ ሕግ ሲደራረቡ የተፈጠረ ስንጥቅ ነው።

ኮምፕትሮለር የሚባለው የግዛቱ የገቢና የሒሳብ ሹም ግሌን ሄጋር ስንጥቁን በመመሪያ ሊደፍኑት ተነሡ። በጥር 2020 ባቀረቡትና በዚያው ዓመት ባጸደቁት ማሻሻያ ድረ ገጽ፣ የኮምፒውተር ሰርቨር ወይም የስልክ መተግበሪያ የንግድ ቦታ አይደለም አሉ። በድረ ገጽ የመጣ ትእዛዝም በሻጩ የንግድ ቦታ እንደተቀበሉት አይቆጠርም። እንግዲህ ዕቃው የወጣው ደንበኛ ገብቶ ከሚገዛበት ሱቅ ከሆነ ድርሻው ለሱቁ ከተማ ይሆናል፤ የኢንተርኔት ትእዛዝ ብቻ ከሚያስተናግድ መጋዘን ከሆነ ደግሞ ዕቃው ለደረሰበት ከተማ። ይህ ክፍል ሥራ ላይ እንዲውል የተቀጠረው ለጥቅምት 2021 ነበር።

ቀኑ ሳይደርስ ከተሞች ፍርድ ቤት ቀረቡ። ራውንድ ሮክ፣ ኮፔል፣ ካሮልተን፣ ፋርመርስ ብራንች፣ ዴሶቶና ሀምብል ሹሙን ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም የተከራከሩበትን ክፍል ለጊዜው አገደው። ከዚያ ወዲህ ደንቡ ከችሎት ወደ ጽሕፈት ቤት፣ ከጽሕፈት ቤት ወደ ችሎት ሲመላለስ ዓመታት አለፉ።

የከተሞቹ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ኮፔልን እንውሰድ። የዳላስ ፎርት ዎርዝ አውሮፕላን ማረፊያ ጥግ ላይ ያለች፣ ትላልቅ መጋዘኖች የተደረደሩባት ከተማ ናት። የጭነት መኪና ቀንና ሌሊት የሚመላለሰው በእርሷ አስፋልት ላይ ነው፤ ጫጫታውም ጭሱም የነዋሪዎቿ ነው። ያንን ሁሉ ስትፈቅድ የሽያጭ ታክሱን ታሳቢ አድርጋ ነበር፤ በጀቷንም የሠራችው በዚያው ስሌት ነው። ከ1967 ጀምሮ በዚህ ስንሠራ ኖረን፣ ሕግ አውጪው ምክር ቤት አንዲት ቃል ሳይለውጥ አንድ ሹም ተነሥቶ እንዴት ይሽረዋል? ይላሉ።

ለመጀመሪያው ክርክር መልስ አለ። መጋዘኑ ለኮፔል የንብረት ግብር ይከፍላል፤ የመንገዱ ጉዳት በዚያ ሊሰላ ይችላል። ደግሞስ ዕቃው የሚራገፍባት ጋርላንድ መንገድ የላትምን? ሁለተኛው ክርክር ግን ከባድ ነው። እኔ በፍሬ ነገሩ ከሹሙ ጋር ነኝ፤ በአካሄዱ ግን ከከተሞቹ ጋር። ከአንዱ ከተማ በጀት አውጥቶ ለሌላው የሚሰጥ ውሳኔ የተመረጡ የሕዝብ እንደራሴዎች በግልጽ ተከራክረው ድምፅ ሊሰጡበት የሚገባ እንጂ፣ "ትእዛዝ መቀበል ማለት ምን ማለት ነው" በሚል የትርጉም ቀዳዳ የሚሾልክ አይደለም። በፍርድ ቤት የተንጠለጠለው ለዚህ ነው።

በትልልቆቹ ጠብ መካከል ትንሹ ነጋዴ የት ይወድቃል? በዳላስና በአካባቢዋ የሐበሻ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን ይህን ሊያውቁት ይገባል። በርበሬ፣ ሽሮና ያልተፈላ ቡና በቴክሳስ ሕግ እንደ ምግብ ስለሚቆጠሩ የሽያጭ ታክስ የለባቸውም። ጀበናው፣ ሲኒው፣ ረከቦቱና የሐበሻ ቀሚሱ ግን አለባቸው። ሱቅ ከፍቶ፣ ደንበኛ ገብቶ የሚገዛው ሰው፣ ጎን ለጎን በኢንተርኔት የታዘዘውን ከዚያው ሱቅ ቢልክ በሄጋር ደንብ መሠረት ሒሳቡ አይለወጥበትም። የሚለወጥበት ሱቅ ሳይኖረው በድረ ገጽ ብቻ የሚሸጠው ነው። ግዛቱ ሙሉ በሙሉ ወደ መድረሻ ስሌት፣ ማለትም ድርሻው ሁልጊዜ ዕቃው ለደረሰበት ከተማ ወደሚሆንበት አሠራር፣ በሕግ ከተሻገረ ግን ሁሉም ከላሬዶ እስከ አማሪሎ ያለውን የእያንዳንዱን ገዢ አድራሻ ልክ ማወቅ ሊኖርበት ነው።

ይህ የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። የፖስታ አድራሻ የከተማ ወሰንን አይከተልም። ፖስታው ላይ ሂዩስተን ተብሎ የሚጻፍለት ብዙ ቤት ከሂዩስተን ከተማ ወሰን ውጪ ነው፤ እዚያ ልኩም ተቀባዩም ሌላ ነው። በርግጥ ዛሬ አድራሻ ሲያስገቡለት ልኩን የሚያወጣ ፕሮግራም አለ፣ ግዛቱም በነፃ የሚፈልጉበት ገጽ አዘጋጅቷል። ትላልቅ ኩባንያዎች አይጨነቁም። በወር አሥር ጀበና የምትልክ ሴት ግን ለፕሮግራሙም፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም መክፈሉ ከትርፏ ላይ ነው። ከውጭ ለሚመጡት ሻጮች የተፈቀደው አንድ ወጥ 1.75 በመቶ ለአገር ውስጥ ትንንሽ ነጋዴዎች የማይፈቀድበት ምክንያት እኔ አይታየኝም።

ይህን ጉዞ ቀድማ የተጓዘች ግዛት አለች፤ እርሷም ዋሽንግተን ናት። እንደ ቴክሳስ የደመወዝ ገቢ ግብር የላትም፣ እንደ ቴክሳስም መጋዘን የተከማቸባቸው ከተሞች አሏት። ከሲያትል በስተደቡብ ያሉት ኬንት፣ ቱክዊላና ኦበርን፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሰፈሩበትና የሚሠሩበት ሸለቆ ውስጥ ናቸው። እስከ 2008 አጋማሽ ድረስ ከመጋዘን የሚላክ ዕቃ ታክስ የሚከፈለው ለመጋዘኑ ከተማ ነበር። በሐምሌ 2008 ግዛቷ የሽያጭ ታክስ አሠራራቸውን ወጥ ለማድረግ ከተስማሙ ግዛቶች ማኅበር ጋር ስትቀላቀል ስሌቱ ወደ ገዢው ደጃፍ ዞረ።

ዋሽንግተን ያደረገችው ትልቅ ነገር፣ ለውጡን ስታመጣ ተጎጂዎቹን አለመርሳቷ ነው። ገቢያቸው ለቀነሰ ከተሞች ግዛቱ በየሩብ ዓመቱ ማካካሻ ይከፍል ጀመር። ኬንት ከዋነኞቹ ተቀባዮች አንዷ ነበረች። ማካካሻው ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ከኢንተርኔት ሽያጭ የሚሰበሰበው ታክስ እያደገ ሲሄድ ቆመ። ኬንት ዝም ብላ አልጠበቀችም። በ2013 በንግድ ድርጅቶች ላይ የራሷን ግብር ስትጀምር ከመጋዘን ላይ በወለሉ ስፋት ልክ የሚከፈል አደረገችው። የጭነት መኪናውን ጉዳት ለማስከፈል ይህ ከሽያጭ ታክስ ይልቅ ቀጥተኛ መንገድ ነው፤ መንገዴን የሚጎዳው መጋዘኑ ከሆነ መጋዘኑ ይክፈል። የቴክሳስ ከተሞች እንዲህ ያለ ግብር ለመጣል የግዛቱን ፈቃድ ይሻሉ፤ ምክር ቤቱም አዲስ ግብር ሲባል ፊቱን ያጠቁራል።

ነገሩ ለኛም ከሩቅ የሚታይ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ልኩ አንድ ቢሆንም፣ ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ፋብሪካው ክልል፣ ገበያው ደግሞ በመላ አገሪቱ የሆነ ድርጅት ከሚከፍለው የጋራ ገቢ የማን ድርሻ ስንት ይሁን የሚለው ጥያቄ ያውና ነው። በአገራችን የሚወስነው ግን ከተማ ከኩባንያ ጋር በሚዋዋለው ውል ሳይሆን፣ ሕገ መንግሥቱ ሥልጣን የሰጠው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው። በቀመሩ የሚያኮርፍ ክልል አይጠፋም፤ ቢሆንም ጭቅጭቁ ተወካዮች ባሉበት ቤት ውስጥ ይካሄዳል።

ቴክሳስ ውስጥ ግማሽ እርምጃ ተሄዷል። በ2021 የወጣ ሕግ ከተሞች የምዕራፍ 380 ውሎቻቸውን ለሹሙ ጽሕፈት ቤት እንዲያሳውቁና ሕዝብ ሊፈትሽ በሚችል መዝገብ ውስጥ እንዲገቡ አስገድዷል። ቢያንስ ማን ከማን ጋር ምን እንደተዋዋለ መታየት ጀምሯል። ውሎቹን ማሳጠር ወይም በሌላ ከተማ ገዢ ላይ የተመሠረተ ተመላሽን መከልከል ግን የምክር ቤቱ ፈንታ ነው። የቴክሳስ ምክር ቤት በጎዶሎ ዓመታት ብቻ፣ ለ140 ቀን ነው መደበኛ ስብሰባ የሚያደርገው፤ ቀጣዩ በጥር 2027 ይከፈታል። ሄጋርም በ2025 ሥልጣናቸውን ለቀው ወደ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲዎች ኃላፊነት ስለሄዱ፣ ደንቡ አሁን የተከታያቸው ሸክም ነው።

ከተሞቹ መጠበቁን የሚፈሩበት ሌላም ምክንያት አላቸው። በግዛቱ አሠራር አንድ ከተማ ያልተገባ ድርሻ እንደተከፈላት በኋላ ከታወቀ፣ ሹሙ የቀደሙትን ዓመታት ሒሳብ ወደ ኋላ ተመልሶ ከወደፊት ክፍያዋ ላይ መቀነስ ይችላል። የትኛው ቀመር እንደሚጸና ሳይታወቅ በየወሩ የሚገባላትን ገንዘብ የምታወጣ ትንሽ ከተማ፣ ነገ መልሺ ልትባል የምትችለውን ገንዘብ እያወጣች ነው። ሂሳብ ሹሞቿ ሕግ ይውጣ፣ የሚጀምርበት ቀንም ይቆረጥ የሚሉት መድረሻ ከመነሻ ይሻላል ብለው አይደለም፤ በጀት መሥራት ስላቃታቸው ነው።